ከዳኛው በፊት ያለችው መስኮት

ከዝቋላ የመጡ አንዲት እናት የመሬት ክስ ይዘው በአንድ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ቆመው አየሁ። «የዳኝነት ካልከፈሉ መዝገብ አይከፈትም» ተባሉ። ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

ሬጅስትራር ዳኛ አይደለም። ሥራው ክሱ በሕጉ መሠረት መጻፉን መመርመር፣ መዝገብ መክፈትና ሰነዱን መጠበቅ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ በቁጥር 467 መክፈል የማይችል ደኻ ሳይከፍል ለመክሰስ እንዲያመለክት ይፈቅዳል፤ ጥያቄውን የሚወስነውም ፍርድ ቤቱ እንጂ ጸሐፊው አይደለም። ይህን የነገራቸው የለም። እኔም ሕጉን እያወቅሁ ዝም አልሁ።

ስለ ዳኞች ነጻነት አብዝተን እንጽፋለን። ፍትሕ የማግኘት መብትን የደነገገው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 37 ግን አስቀድሞ የሚከበረው ወይም የሚጣሰው በዚያች ጠባብ መስኮት ነው።