እንጦጦ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም አሮጌ መኪና እየነዳ ለሚወጣ ሰው ሁለት ዐይን አይበቃውም። አንዱን በመንገዱ ላይ፣ አንዱን በሙቀት መለኪያዋ ቀጭን መርፌ ላይ ያኖራል፤ ሦስተኛ ቢኖረው ደግሞ ኮፈኑን አልፎ የሞተሩን ሆድ ያይበት ነበር። እኛ የጉለሌ ልጆች ይህን አቀበት ከፊደል እኩል ነው ያወቅነው።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ አቀበቱ ቁመትና ስለ ጠመዝማዛው ነው። የማይታየው ግን አየሩ ነው። በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ እዚህ ጉለሌ በ92 ገደማ ይፈላል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ በሚለው በእንጦጦ ጫፍ ደግሞ በ90 ገደማ። ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ውሃውን ተጭኖ የሚይዘው ክብደትም አብሮ ይቀላል። ባቄላ የሚቀቅሉ እናቶቻችን ይህን ፊዚክስ ሳይማሩ ያውቁታል፦ ደጋ ላይ ድስቱ ቶሎ ይንተከተካል፣ ባቄላው ግን አይበስልም። መፍላትና መብሰል ሁለት ነገር ነው።

ሞተርም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። ጤነኛ የናፍጣ ሞተር ውስጥ የሚዞረው ውሃ ሙቀቱ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ይደርሳል። እንግዲህ እንጦጦ ላይ ውሃው እንደ ድስት ክፍት ቢሆን ኖሮ ጤነኛውም ሞተር ባፈላ ነበር። ይህ እንዳይሆን የሚጠብቀው የራዲያተሩ ክዳን ነው። በውስጡ ያለው ሞላ ውሃውን አፍኖ ግፊቱን ስለሚጨምር፣ የመፍያው ልክ ከ110 ዲግሪ በላይ ይሸሻል። ክዳኑ ከመኪና ዕቃ ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ የሞተሩ ሕይወት ግን በእሱ ላስቲክ ላይ ተንጠልጥሏል።

አባቴ ላንድ ክሩዘር ፒካፕ አለው፤ ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ቱርቦ የሌለው፣ ባለ 4.2 ሊትርና ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ፣ መካኒኮች «ዋን ኤች ዚ» የሚሉት ሞተር የተገጠመለት። በሊብሬው የአባቴ ይሁን እንጂ በሰፈሩ ልማድ የሁሉም ነው። ሙሽራ አጅቧል፤ የእድር ድንኳን አመላልሷል፤ ምጥ የያዛትን በሌሊት ጳውሎስ ሆስፒታል አድርሷል፤ አስከሬንም ተሸክሟል። ባለፈው ክረምት ማግስት አቀበት ላይ መጋል ጀመረ።

የወሰድንበት ጋራዥ ፍርዱን ለመስጠት ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። ኮፈኑ ተከፈተ፣ ሞተሩ ተነሣ፣ ጠፋ፤ «ቴስታታው ተሰንጥቋል፤ ሞተሩ መቀየር አለበት» ተባልን። የተጠራው ዋጋ ከዓመት ደመወዜ ይበልጣል። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ በጥር 2016 ከተነገረ ወዲህ አሮጌውን ሸጦ የተሻለ መግዛት ለእንደኛ ዓይነቱ ቤት ሕልም ነው፤ የውጭ ምንዛሪ ተመን በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተተወ በኋላ ደግሞ የመለዋወጫ ዋጋ መጠየቅ ራሱ ድፍረት ይፈልጋል። አባቴ ምንም አላለም። መኪናውን ግቢ አስገብቶ ሸራ አለበሰው። ከዚያ በኋላ ጎረቤት በሌሊት በራችንን ማንኳኳት ተወ። ሰዎቹ ላለማስቸገር ብለው ነው፤ እሱ ግን እንደ ስንብት ቆጠረው።

ሸራው አቧራ ከጠገበ በኋላ፣ ዕድሜያቸውን አዲሱ ገበያ አካባቢ በዚሁ ሙያ የፈጁ አንድ ሽማግሌ መካኒክ በጎረቤት ጥቆማ መጡ። ኮፈኑን አልከፈቱም። የቀረበላቸው ዱካ ላይ ተቀምጠው አባቴን ይጠይቁት ጀመር።

«የሚግለው ቆሞ ነው ወይስ ሲሄድ?»

«አቀበት ላይ ነው።»

«መንገድ ተዘጋግቶ ሲቆሙስ?»

«ደኅና ነው።»

«ውሃ ይጠጣል?»

«ይጠጣል፤ መሬት ላይ ሲንጠባጠብ ግን አላየሁም።»

«ዘይቱስ? ወተት መስሏል?»

«ኧረ የለም!»

ባንክ ቤት የምሠራ ሰው ነኝና አጠያየቃቸው እንግዳ አልሆነብኝም። ማታ ሂሳብ አልመሳሰል ሲል ካዝና አንሰብርም፤ «እስከ ስንት ሰዓት ድረስ ልክ ነበር?» ብለን ነው የምንጀምረው።

እያንዳንዱ ጥያቄ አንድ በር ይዘጋ ነበር። ቆሞ የሚግል፣ ሲሄድ ግን የሚበርድ ሞተር ሕመሙ ከማራገቢያው ወይም ማራገቢያውን ከሚያዞረው ቺንጋ ነው፤ ሲሄድ ነፋሱ ራሱ ይሠራለታልና። ገና ከመነሣቱ የሚግል፣ የላይኛው ቱቦ እየፋጀ የታችኛው የሚቀዘቅዝበት፣ ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቀርቶበታል። የቴስታታው ጓርኒሲዮን የተቃጠለ እንደሆነ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ይወጣል፤ አንዳንዴም ዘይቱ ወተት ይመስላል፣ ጭሱ ይነጣል። ጭነትና አቀበት ሲበዛበት ብቻ የሚግል ግን በመጀመሪያ ራዲያተሩን ያስጠረጥራል።

የሚሉትን ሳዳምጥ ጆሮዬ ቃላቱ ላይ ቀረ። ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ቺንጋ፣ ኮፈን፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፦ ጣሊያን በ1933 ተሸንፎ ሲወጣ ጋራዥ ውስጥ ትቷቸው የሄደ ቃላት። ቴስታ በጣሊያንኛ ራስ ማለት ነው። እንግዲያው ያ ፈጣን ፍርድ «አንገቱ ይቆረጥ» የሚል ነበር።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሞተሩ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ሳለ፣ ክዳኑን ከፈቱ። የጋለ ሞተር ክዳን መክፈት ፊትን ለእንፋሎት መስጠት ነው፤ በጋለው ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትም ጤነኛውን ቴስታታ ሊሰነጥቀው ይችላል። ሞተሩ ተነሣ። ውሃው ጸጥ ብሎ ዞረ፤ አንዲት አረፋ የለችም። የራዲያተሩ ፊት በጭቃና በሣር ፍሬ ተደፍኗል፤ ውስጡም ዝቃጭ ይዟል። ከዚያ ክዳኑን ገልብጠው በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። ሞላው ያለ ትግል ሰመጠ፤ ላስቲኩ እንደ ደረቀ ቆዳ ተሰነጣጥቋል። በራዲያተሩ አንገት ዙሪያ ነጭ የደረቀ አሻራ ይታያል፦ ውሃው መሬት ሳይነካ በእንፋሎት የሄደበት መንገድ።

«አየህ ልጄ» አሉኝ፣ «ውሃውን የሚጠጣው ሞተሩ አይደለም፤ እንጦጦ ነው።»

ራዲያተሩ ወርዶ ተጠረገ፤ አዲስ ክዳን ተገዛ፤ ኩላንት የተቀላቀለበት ውሃ ገባ። የወጣው ገንዘብ ከሞተሩ ዋጋ ጋር ሲተያይ የሻይ ነው። ጭነን እስከ እንጦጦ ማርያም ወጣን፤ መርፌዋ ከመሃል አልተነቃነቀችም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ዕቃም ሆነ ስለ ሰው «አልቆለታል» ሲባል ስሰማ ያ የማይበስል ባቄላ ትዝ ይለኛል። ከፍታ ላይ ሁሉም ነገር ቶሎ ይንተከተካል። ዱካ ስቦ ተቀምጦ «መቼ? የት ላይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን ብርቅ ነው።

ባለፈው ሳምንት በእኩለ ሌሊት በራችን ተንኳኳ። አባቴ «ማነው?» እንኳ ሳይል ቁልፉን አነሣ።