ክንድ ዒላማውን ሲስት

በቅርጫት ኳስ ጨዋታ ትናንት ሳያዛንፍ ያስገባ የነበረው ወጣት ዛሬ ቢወረውር የሚስት እንደ ሆነ፣ ተመልካቹ ሁሉ «ሰነፈ፤ ልቡ ሸፈተ» ለማለት ይቸኩላል። እኛ ግን ፍርድ ከመስጠት አስቀድሞ ምክንያቱን መመርመር ይገባል እንላለን።

ቀለበቱ ከመሬት 3 ሜትር ከ5 ሳንቲሜትር ከፍ ያለ ነው፤ የአፉ ስፋት 45 ሳንቲሜትር ያህል ሲሆን የኳሱም ስፋት 24 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ጥቂት መዛነፍ ኳሱን ያስታል። ኃይሉም ከክንድ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ከእግር ተነሥቶ በወገብና በትከሻ አልፎ ከጣት ጫፍ ይደርሳል። ጉልበት የደከመ እንደ ሆነ ኳሱ ዝቅ ብሎ ይበራል፤ ዝቅ ብሎ ለሚመጣ ኳስም የቀለበቱ አፍ ይጠብበታል።

አንዳንድ ጊዜ ምክንያቱ የተሰወረ ሕመም ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. ማርኬል ፉልዝ የተባለ አሜሪካዊ ወጣት በአገሩ ከፍተኛ የቅርጫት ኳስ ማኅበር ከአዲስ ምልምሎች ሁሉ አንደኛ ሆኖ ተመረጠ። ብዙ ሳይቆይ አወራወሩ ተበላሸ፤ ብዙ ሰዎችም ነገሩን ከመንፈስ ድካም ቈጠሩት። በ2018 ዓ.ም. መጨረሻ ግን በአንገቱና በትከሻው መካከል የሚያልፉት ነርቮች ተጨቁነው መገኘታቸው ተገለጠ።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ምክንያቱ ይሉኝታ ነው። ዊልት ቼምበርሌን በ1962 ዓ.ም. በአንድ ግጥሚያ 100 ነጥብ ባስቈጠረ ጊዜ፣ ነፃ ውርወራውን በሁለት እጁ ከጉልበቱ ግድም ወደ ላይ እያነሣ በመወርወር ከ32ቱ 28ቱን አግብቶ ነበር። በዚያው የውድድር ዘመን ከመቶው 61 ያህሉን አገባ። ነገር ግን ይህ አወራወር ለዓይን የሚያሳፍር ስለ መሰለው ተወው፤ በ1967 እና 68 የውድድር ዘመንም ከመቶው 38 ብቻ አገባ። ክንዱ ያው ክንድ ሳለ የሰው ዓይን አሸነፈው።

እነዚህን ሁለት ታሪኮች የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በቤታችን የምናሳድገው የወንድማችን ልጅ ባለፈው ክረምት ውርወራው እየከዳው ሄደ፤ ጓደኞቹም ያፌዙበት ጀመር። ለብቻው አስቀምጠን በጠየቅነው ጊዜ፣ ትከሻው ሌሊት ሌሊት እንደሚያመውና ከቡድኑ እንዳይወጣ ፈርቶ ሕመሙን እንደ ደበቀ አስረዳን። ሐኪሙም መርምሮ ለጥቂት ወራት እንዲያርፍ አዘዘው። ልጁ አለቀሰ፤ እኛ ግን ከሜዳው ይልቅ ክንዱን መረጥንለት።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ልጁ ግን ሕመሙን ገልጦ እንዲናገር የሚሰማው ጆሮ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ወላጆችም አሠልጣኞችም የሳተውን ከመገሠጻቸው በፊት፣ ምን እንደ ደረሰበት በለሰለሰ ቃል ቢጠይቁት መልካም ነው።