ሁለት የተጣበቁ ገጾች

ዛሬ ወደ ሉማሜ እንውሰዳችሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ በአውቶቡስ ሄዳችሁ ከሆነ፣ ደጀንን ካለፋችሁ በኋላ በመስኮት አይታችኋት ይሆናል (እንቅልፍ ካልወሰዳችሁ!)። የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ የጤፍ አገር። እኛ ደግሞ የሱቅ ልጆቿ ነበርን።

«እኛ» ስንል ሦስት ነን። በ2009 ክረምት፣ የ12ኛ ክፍልን ፈተና ተፈትነን ውጤት ስንጠብቅ፣ አስፋልቱ ዳር አዲስ በተከፈተ ሱቅ ተቀጠርን። አንዷ ገንዘብ ተቀባይ፣ አንዷ ሚዛን ላይ፣ አንዷ የዱቤ ደብተር ያዥ። ገንዘብ ተቀባይዋ ኋላ ጋዜጠኝነት ተመርቃ ይኸው ይህንን ትጽፍላችኋለች።

ሰሞኑን፣ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በደብተር ያዧ እናት ቤት ቡና ላይ ተገናኘን። አቦሉ ሳይወርድ ጨዋታው ሱቁ ላይ አረፈ። ያ የመጀመሪያው ሳምንት! መደርደሪያው ሞልቶ እንዲታይ ባዶ የሳሙና ካርቶን ከኋላ የደረደርነው። የኩንታል ስኳር በኪሎና በግማሽ ኪሎ ፌስታል ስንቋጥር ጣታችንን እየላስን ያመሸነው። አንድ የገጠር አባት «ኦሞ ስጡኝ» ብለውን «የትኛውን?» ብንላቸው፣ «ኤሪያል ኦሞ ነዋ!» ብለው የተቆጡን። ይህን እንደ ደብተር ያዧ አድርጎ የሚያወራው የለም፤ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ግድግዳው ላይ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይምጡ» የሚል ተለጥፏል። ከሥሩ ደግሞ የዱቤው ደብተር! «ረጅሙ መምህር»፣ «ባለ ባጃጁ»፣ «የነርሷ እናት» እየተባለ ይጻፋል። መምህሩ ደሞዝ እስኪወጣ፣ ገበሬው ጤፉ እስኪወቃ። ክረምት በእኛ አገር ጎተራ የሚጎድልበት ነው፤ በሐምሌ የተወሰደ ዘይት በጥር ይከፈላል። ያለዚያ ደብተር ሱቁ ወር አይደፍንም ነበር።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሒሳብ ሲሠራ 640 ብር ጎደለ። የአንዳችን የወር ደሞዝ ያህል። ባለሱቁ ደብተር ያዧን አያት። እኛም አየናት። ማንም ሌባ አላላትም፤ «ከነገ ጀምሮ ባትመጪም ይሆናል» ብቻ ተባለች። ሁለታችን አንድ ቃል አልተነፈስንም። ገንዘብ ተቀባይዋ ደግሞ በልቧ «ተመስገን፣ እኔ አልሆንኩም» አለች።

መስከረም አጋማሽ ላይ ዘይት ፈሶበት የነበረውን ደብተር ስናገላብጥ ሁለት ገጾች ተጣብቀው አገኘን። በምላጭ ብንለያያቸው ረጅሙ መምህር ከነዝርዝሩ… 640 ብር! ለባለሱቁ ነገርነው። «አልፏል፣ ተዉት» አለን። ተውነው። ቤቷ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነበር። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ መጣ፣ ዓመቱ ሄደ።

ቶናው ላይ ነገርናት። ሲኒዋን አስቀምጣ ትንሽ ቆየች።

«ብሩ አይደለም» አለች። «በሱቁ ደጅ ሳልፍ አንገታችሁን ስታዞሩ ነው ያመመኝ።»

እናቷ ፍሙን እያራገቡ የቀበሌ ሱቅ ዘመንን አነሡ። ቀበሌ የመጣው በሐምሌ 1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ነው፤ በደርግ ጊዜ ስኳርና ሳሙና በራሽን የሚታደለው በቀበሌው ሱቅ ነበር። «ያኔም ስምሽ ከመዝገብ ከተዘለለ ባዶ እጅሽን ትመለሻለሽ» አሉ። «ግን ከሰልፉ መሀል ‹ኧረ እሷም አለች!› የሚል ጎረቤት አይጠፋም ነበር።» ከዚያ ዝም አሉ። ለማን እንደተናገሩት ገባን።

ዛሬ ሱቁ ሞባይል ይሸጥበታል። ከግንቦት 2013 ወዲህ ቴሌብር መጥቶ ክፍያው በመልእክት ይመዘገባል፤ ዘይት አይፈስበትም። ሰው ሲጠረጠር «ኧረ እሷ አይደለችም» የሚል መልእክት ግን ስልኩ በራሱ አይልክም፤ እሱን የምንለው እኛው ነን። ስንጀምር «እኛ ሦስት ነን» ብለናችሁ ነበር። ያን ክረምት ግን እኛ ሁለት ነበርን፤ እሷ ብቻዋን።

ይቅርታ ጠየቅናት። «እሺ» አላለችም፣ «እምቢ»ም አላለችም። በረካውን ቀዳችልንና «ስኳር ስንት?» አለችን።

እናንተስ የተጣበቀ ገጽ የለባችሁም? ካለ ቤቱ ሩቅ አይደለም፣ ዛሬውኑ ሂዱ። ቸር እንሰንብት!