ጨፍን!

ለዚህ ቡለቲን ከትብብር ሥልጠና ያየነውን እንድንጽፍ ስንጠየቅ አብዛኞቹ የክፍሌ ልጆች ስለ ማሽን ጻፉ። እኔ ስለ አንድ ቃል ልጽፍ ነው። ቃሉ «ጨፍን!» ነው። በያጅ ቤት የዋለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሞጁላችን ውስጥ ግን የለም።

የተመደብኩት የብረት በርና መስኮት በሚሠራ አንድ የአዲስ አበባ ወርክሾፕ ነበር። ስሙን አልጠራም፣ ከሌሎቹ የከፋ ስላልሆነ። እንዲያውም ባለቤቱ፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው፣ እጃቸው የተባረከ ባለሙያ ናቸው። ማስክ አላቸው፣ የቆዳ ጓንት አላቸው፣ የማስኩ መስተዋትም ቁጥር 10 ነው። ታዲያ ችግሩ የቱ ጋ ነው? ማስኩ አንድ ነው፤ ሥራው ግን የሁለት ሰው ነው።

ቱቦላሬ በ90 ዲግሪ ተገጥሞ ታክ እስኪደረግ ድረስ የሚይዘው ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ረዳቱ ነው፤ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው፣ ቀልደኛ ልጅ። ጎንበስ ብሎ ብረቱን በሁለት እጁ ይይዛል። ጋሼ ማስካቸውን በአንገታቸው ንቅናቄ ጣል አድርገው «ጨፍን!» ይላሉ። ይጨፍናል። ጭርር ይላል፣ ያበራል፣ ያልቃል። «ግለጥ፣ አዙር፣ ጨፍን!» ለአንድ የበር ፍሬም ብቻ ከሠላሳ በላይ ታክ ቆጥሬያለሁ።

ለነገሩ «ጨፍን» ማለት ሞኝነት አይደለም። የተከደነ የዓይን ቆብ አርኩ የሚረጨውን አልትራቫዮሌት ጨረር አብዛኛውን ያግደዋል። ግን ሰው ጨፍኖ ብረት መያዝ አይችልበትም። ብረቱ ሸርተት ሲል መጀመሪያ የሚያውቀው እጅ ነው፤ እጅ ሲያውቅ ደግሞ ዓይን ሳያስፈቅድ ይከፈታል። ቃሉም ራሱ አንዳንዴ ከእሳቱ በኋላ ይደርሳል፤ በተለይ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሲደክም፣ ደንበኛው በር ላይ ቆሞ «አላለቀም እንዴ?» ሲል። ርቀቱንም አስቡት። ከአርኩ ሁለት ሜትር ርቆ ከሚቆም ሰው ይልቅ በግማሽ ሜትር ላይ ያለው ረዳት 16 እጥፍ ጨረር ይደርሰዋል። ይህን የፊዚክስ አስተማሪያችን በአምፖል አስረድተውን ነበር፤ በሰው ዓይን ሲሆን ግን ሌላ ነገር ነው።

አንድ ሰኞ ረዳቱ እየቀለደ ዋለ፣ እየቀለደ ወደ ቤቱ ገባ። ማክሰኞ ቀረ። ረቡዕ ዓይኑ ቲማቲም መስሎ መጣ። «ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ አሸዋ ያፈሰሱብኝ መሰለኝ» አለን። በያጆች «ዓይኑን ተመታ» ይሉታል። የዓይን ብሌን የላይኛው ስስ ሽፋን በጨረሩ ተቃጥሎ ነው፤ ልክ ፀሐይ ቆዳን እንደምታቃጥል። ክፋቱ ወዲያው አለማመሙ ነው። ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ዝም ይልና ሰው ሲተኛ ይነሣል። በያጁም ረዳቱም ከየትኛው ታክ እንደመጣ አያውቁም። ስለዚህ ማንም አይጠየቅም፣ በማግስቱም «ጨፍን!» ይቀጥላል።

እናቱ ጥሬ ድንች ቆራርጠው ዓይኑ ላይ አሰሩለት። እናትን መንቀፍ አልወድም። የድንቹ ቅዝቃዜ ጥቂት ያስታግስ ይሆናል፤ በንጹሕ ውሃ የተነከረ ቀዝቃዛ ጨርቅ ግን ያንኑ ያደርጋል፣ የድንቹን ጀርምም አያመጣም። የሚያድነው ጊዜ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ሽፋኑ ራሱን ይተካል፤ ካልተሻለ ወይም ማየት ካስቸገረ ሐኪም ቤት ነው። የበለጠ የፈራሁት ጓደኛው ከፋርማሲ ላምጣልህ ያለውን የሚያደነዝዝ ጠብታ ነበር። ያ ጠብታ ሐኪም ለምርመራ አንዴ የሚጠቀምበት እንጂ ሰው ቤቱ እየደጋገመ የሚያደርገው አይደለም፤ ሽፋኑ እንዳይድን ያደርጋል፣ ዓይንን እስከ መጉዳትም ይደርሳል። ደግነቱ አልተደረገም።

ስለ ወተትም አንድ ነገር ልበል፤ በየወርክሾፑ ጢስ ያጥባል እየተባለ ስለሚጠጣ። ዚንክ የተቀባ ቱቦ ሲበየድ ነጭ ጢስ ይወጣል። ዚንክ በ907 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ ብረት ደግሞ የሚቀልጠው ወደ 1,500 አካባቢ ነው። ስለዚህ ብረቱ ሳይቀልጥ ዚንኩ ተንኖ አየር ላይ ነው። ያንን የሳበ ሰው ማታ ወባ እንደያዘው ይንቀጠቀጣል። ወተት ሆድ ይገባል፤ ጢሱ የገባው ሳንባ ነው። ቅቡን ከመገጣጠሚያው ላይ ፍቆ ማንሣት፣ ነፋስ ባለበት መሥራት፣ አንገትን ከጢሱ መስመር ማውጣት ይሻላል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2017 እ.ኤ.አ. የብየዳ ጢስንም ከብየዳ የሚወጣውን አልትራቫዮሌት ጨረርንም ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ምድብ ውስጥ አስገብቷቸዋል። ወተቱን ግን ጠጡ፣ ምግብ ነው!

ሐሙስ ለት ጋሼን ሻይ ሲጠጡ ጠብቄ ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ለልጁም አንድ ማስክ ቢገዙለትስ?»

«ሁለታችንም ጨለማ ውስጥ ከገባን ብረቱን ማን ሊያየው ነው፣ ተማሪዋ?» አሉ።

መልስ አጣሁ፤ እውነታቸውን ነው። በቁጥር 10 መስተዋት አርኩ እስኪነሣ ድረስ ምንም አይታይም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የመከላከያ ዕቃ እንዲያቀርብ፣ ሠራተኛውም እንዲጠቀምበት ያዛል። ብነግራቸውም «ልክ ነው» ይሉኝ ነበር፤ ብረቱ ግን ያው የሚይዘው ይፈልጋል።

ቤቴ ገብቼ ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ። የመልሱ ግማሽ ለካ ግራይንደሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል፤ አቧራ የጠጣው ነጩ የፕላስቲክ መነጽር። ፖሊካርቦኔት ከሆነ ነጭም ሆኖ አልትራቫዮሌቱን ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ያስቀረዋል። ድምቀቱን አይቀንስም፤ ስለዚህ አርክ ላይ ማፍጠጫ አይደለም። ግን ጎኑ የተከለለ ከሆነ፣ የጨፈነ ዓይን በስሕተት ሲከፈት ይደርስለታል። (ከመንገድ የሚገዛ ጥቁር መነጽር እንዲህ ያለ ዋስትና የለውም፤ መጥቆሩ ብቻ ብሌንን ያሰፋል።) ሌላው ግማሽ መልስ ደግሞ ሰውየውን ጭራሽ ከዚያ ማንሣት ነው። ብረት የሚይዝ ክላምፕ እያለ ስለ ምን ሰው ይይዛል?

ዓርብ ሁለት ክላምፕና አንድ የማዕዘን ማግኔት ይዤ ሄድኩ። ጋሼ ማግኔቱን አልወደዱትም፤ «አርኩን ይጎትተዋል» አሉ። እውነትም ይጎትታል። ከታኩ ራቅ አድርገን ስናስጠጋው ተወው። የመጀመሪያው ፍሬም ከወትሮው ዘገየ። ሦስተኛው ላይ ግን ረዳቱ እጁን ኪሱ ከትቶ «እኔ ምን ልሥራ ታዲያ?» አለ። ጋሼ ሳቁ። ላሜራ እንዲቆርጥ ላኩት፣ መነጽሩን አድርጎ።

ግራይንደርን ካነሣሁ አይቀር፣ ትልቁን የ230 ሚሊሜትር ዲስክ ትንሿ ማሽን ላይ ከለላውን አውልቀው የሚያስሩ አሉ። ትንሿ በደቂቃ 11,000 ዙር ትዞራለች። ዲስኩ ጠርዙ ላይ በሰከንድ 80 ሜትር እንዲችል ነው የተሠራው፤ በዚያች ማሽን ላይ 132 ይደርሳል። ራሳችሁ አባዙት። ዲስኩ ሲፈነዳ ማሽኑን የያዘውን ሰው ብቻ ሳይሆን ፊት ለፊት ብረት የያዘውንም ሊያገኘው ይችላል፤ እዚህም ረዳቱን ማለት ነው።

መምህሮቻችን ይቅር ይበሉኝና፣ በተግባር ፈተና ጊዜ የበያጁ አፕሮን፣ ጓንትና ጫማ ይታያል፣ ነጥብ ይሰጥበታል። ኤሌክትሮዱን ከማስነካቱ በፊት ዞር ብሎ አጠገቡ ማን እንዳለ ማየቱ ግን ነጥብ የለውም። አምስት ነጥብ ቢኖረው ሁላችንም ዞር ማለት እንለምድ ነበር።

የቀረው መንገዱ ነበር። ወርክሾፑ በሩ አስፋልት ላይ ነው፤ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ሕፃናት ቆመው እሳቱን ያያሉ፣ ማን ብዙ ሳያርገበግብ እንደሚያይ ይወራረዳሉ። ሸራ እንጋርድ ስል ጋሼ «ደንበኛ ይጋረድብኛል» አሉ። በመጨረሻ ከቁርጥራጭ ላሜራ እስከ ደረቴ የሚደርስ አጥር በየድን። ብልጭ የሚል ብረት ጨረሩን ወደኛው ስለሚመልስ በአንቲረስት ቀባነው። አዋቂ ደንበኛ ከላዩ አሻግሮ በሩንና መስኮቱን ያያል፤ አርክ ሲነሣ ዞር እንዲል ረዳቱ ይጮህለታል። ሕፃናቱ ቁመታቸው አይደርስም። ባለፈው ሳምንት ሳልፍ አንዱ ትንሽ ልጅ ድንጋይ አምጥቶ ሲቆምበት ረዳቱ ከውስጥ «ውረድ አንተ!» እያለ ሲያባርረው ደረስኩ።