መንጠቆና ጣሳ

በ1970ዎቹ የባሕር ዳር ልጅ የማጥመጃ ዕቃው ሁሉ አንዲት የቲማቲም ጣሳ ላይ ያልቅ ነበር። የናይለኑ ክር በጣሳዋ ወገብ ተጠምጥሞ፣ ጫፉ ላይ መንጠቆ፣ ከመንጠቆው አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ደግሞ ለክብደት የታሰረ የዛገ ብሎን፤ በቃ። የጣሳዋን አፍ ወደ ውኃው አዙራችሁ፣ ብሎኑን ሁለት ሦስት ጊዜ አሽከርክራችሁ ስትለቁት፣ ክሩ እየተተረተረ ሲሄድ የሚያሰማው ሽውታ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። መንጠቆ በፍሬ ነበር የሚሸጠው፤ ባለሱቁ በጋዜጣ ቁራጭ ጠቅልሎ ይሰጠናል፣ እኛ ደግሞ እንዳይጠፋብን ኮሌታችን ሥር ሰክተነው እንዞራለን።

ቦታችን አባይ ከጣና ተላቆ ጉዞውን የሚጀምርበት አካባቢ ነው። ጠዋት ጭጋጉ ከውኃው ላይ ሳይነሣ እንደርሳለን፤ የረጠበ ደንገል፣ የጭቃና የትናንት ጭስ ሽታ ተቀላቅሎ ይቀበለናል። ራቅ ብሎ ጉማሬ ያናፋል። የወይጦ ሽማግሎች የደንገል ታንኳቸውን በረጅም እንጨት እየገፉ ያለ አንዳች ኮሽታ ሲያልፉ፣ እኛ ከድንጋይ ላይ ሆነን «አያ፣ ዛሬ ይበላል?» እንላለን። አንደኛው ሁልጊዜ መልስ ነበራቸው። «ነፋስ ከሐይቁ ከመጣ ይበላል፤ ዝም ካላችሁ ደግሞ የበለጠ ይበላል» ይሉንና ይሄዳሉ። ክር በጣት ማዳመጥን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፦ ክሩን በሌባ ጣት ላይ አሳርፎ፣ ሳያጠብቁ ሳያላሉ፣ ዓሣው ሲቀምስ መታገሥ፣ ይዞ ሲሄድ ብቻ መሳብ። እስከ ዛሬ በክርና በጣት መካከል ዘንግ ሲገባ ግማሹ ወሬ መንገድ ላይ የሚቀር ይመስለኛል።

ስለ ምግቡ ጠባችን ብዙ ነበር። ግማሹ ልጅ ትል ይላል፣ ግማሹ ሊጥ። እኔ ለቀረሶ ሊጥ ባይ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። ቀረሶ በአብዛኛው የውኃ ውስጥ ዕፀዋት እየበላ የሚኖር፣ አፉ ትንሽ የሆነ ዓሣ ነው፤ አተር የምታህል የስንዴ ሊጥ በትንሽ መንጠቆ ካቀረቡለት በጨዋነት ይወስዳል። አምባዛ ሌላ ነው። እሱ ጭቃ ለጭቃ በሪዙ እየዳሰሰ የሚሄድ የማታ ሰው ስለሆነ፣ ሲመሽ የከረመ አንጀት ወይም ጉበት ይፈልጋል፤ ከውኃ ወጥቶ እንኳ አየር እየሳበ ረጅም ሰዓት ይቆያል። በመስከረም፣ ሣሩ ሲያድግ፣ ከሁሉም የሚበልጠው ፌንጣ ነበር።

የልጅ ልብ የሚያስደነግጠው ግን ነጭ ዓሣ ነው። የጣና ነጭ ዓሦች ጉድ መሆናቸውን የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ፣ የተመራማሪዎቹን ጽሑፍ ሳነብ ነው። ከሐይቁ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ታች ያለው የጢስ አባይ ፏፏቴ ከታችኛው አባይ ዓሦች ለይቶ አስቀምጧቸው፣ በአንዱ ሐይቅ ውስጥ ከ15 በላይ ዝርያ ሆነዋል፤ 8ቱ ሌላ ዓሣ እያሳደዱ የሚበሉ ናቸው። መንጋጋቸው ላይ ግን አንድ ጥርስ የለም፤ ጥርሳቸው ያለው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። መንጠቆውን ለማውጣት ጣታችንን አፋቸው ውስጥ ስንከትት የማንነከሰው ለካ በዚህ ነው።

አንድ ቀን በፖሊቴክኒክ የሚያስተምር የውጭ አገር ሰው ዘንግና መጠምጠሚያ ይዞ መጣ። ክሩ ጫፍ ላይ ምግብ የለም፤ እንደ ማንኪያ ጎበጥ ያለች የምታብረቀርቅ ብረት ብቻ። ወርውሮ ቀስ እያለ ሲጠመጥም ብረቷ ውኃው ውስጥ እንደቆሰለች ትንሽ ዓሣ እየተንገዳገደች መጣች፣ ወዲያው ዘንጉ ጎበጠ። በማግስቱ የሰፈራችን እናቶች ሁሉ ማንኪያ ጠፋባቸው። እኛ እጀታውን ቆርጠን፣ በምስማር በስተን፣ በአመድ አሽተን ሠራነው፤ እውነቴን ነው፣ ያዘልንም። ምስጢሩ ብረቱ ላይ ሳይሆን አጎታተቱ ላይ ነው፤ አንዴ ፈጠን፣ አንዴ ቆም፣ ሲቆም ነው የሚመታው።

የያዝነውን በደንገል ልጥ ሰክተን ወደ ቤት ስንገባ እናቴ ከሰሉን አቀጣጥላ ትጠብቀኛለች። ጎንና ጎኑን በቢላ ጭረት ጭረት አድርጋ፣ ጨውና ቃሪያ አስገብታ፣ ዘይቱ ውስጥ ስታሳርፈው የሚሰማው ጩኸትና ሽታ ጎረቤቱን በሙሉ ይጠራ ነበር። ይመጡም ነበር። ብቻውን ዓሣ የሚበላ ቤት በሰፈራችን አላውቅም።

ክረምት ሲበረታ አያ ያሉን ነገር ነበር፤ «አሁን እናቶቹ ወደ ወንዝ ይወጣሉ፣ ተዉአቸው»። ከነጭ ዓሦቹ ብዙዎቹ በነሐሴና በመስከረም ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭና ወደ ግልገል አባይ ወጥተው በጠራ ፈሳሽ ውኃና በጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ከመውጣታቸው በፊት ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፤ መረብ የዘረጋ ሰው ያንን ጊዜ በጣም ይወደዋል። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ጣና ላይ ገቡ፤ ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆኑ፣ ይህን አልክድም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2000 ገደማ ባለው ጊዜ በባሕር ዳር በኩል የነጭ ዓሣው ክምችት በክብደት 75 በመቶ ያህል መቀነሱን አጥኚዎቹ ለክተው ጽፈዋል። በአንድ መንጠቆና በአንዲት ጣሳ ያን ያህል መውሰድ አይቻልም ነበር።

እናንተ በጉማራና በርብ አፍ የምታጠምዱ ወንድሞቼ፣ ነሐሴና መስከረምን ብቻ መረባችሁን አንሡላቸው።