ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ እስከ ምኒልክ አደባባይ

ጅቡቲ ከተማ ለጎብኚ ጥንታዊ ግንብ የምታሳይ አይደለችም፤ ታሪኳ በወደቧ፣ በሐዲዷና በአደባባዮቿ ይገኛል። ከቤተሰቡ ጋር የሚጎበኛት ሰው ፀሐይ ሳትበረታ ማልዶ ቢነሣ ይበጀዋል።

በቅድሚያ ወደ አሮጌው ባቡር ጣቢያ እናምራ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 የፈቀዱት የሐዲድ ሥራ በ1897 ከዚህ ከተማ ተጀመረ። በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፤ ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በሜይ 1936 በዚሁ መስመር ወርደው፣ «ኢንተርፕራይዝ» በተባለው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ከወደቡ ተነሥተው ተሰደዱ። ዛሬ መንገደኛው የሚሳፈረው በ2017 ከተመረቀው የናጋድ ጣቢያ ነው።

ወደ መሀል ከተማ ስንዘልቅ፣ ነጫጭ ባለ ቅስት ሕንፃዎች የከበቡት የቀድሞው ምኒልክ አደባባይ ይቀበለናል። አሁን የሚጠራው አገሪቱ ነጻ በወጣችበት ዕለት፣ በጁን 27 ቀን 1977 ነው። በ1906 የተሠራውን የሐሙዲ መስጊድም ሳያዩ መመለስ አይገባም።

ልጆቻችን «የንጉሣችን ስም በጎረቤት አገር ለምን ተጠራ?» ቢሉን መልሱ ሐዲዱ ነው። በአሮጌው ባቡር ያገለገሉ አባቶችና እናቶች በሕይወት ሳሉ ቀርበው ይጠይቋቸው፤ ብረቱ ቢዝግ ትዝታው አብሮ እንዳይዝግ።