ፈረሱ ሥራ ላይ ነው

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላል ያገራችን ሰው። እንደሚታወቀው አባባሉ የሚነገረው ሌላ ነገር ለማስረዳት ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለ ራሱ ስለ ፈረሱ ላወራ ነው። ፈረስ አይዋጋም ይባል እንጂ ይራገጣል፣ ይነክሳል፣ ይደነብራል። ጎጃም ገጠር ያደገ ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል። የማያውቀው እንግዳው ነው። እንግዳውን የሚነግረውስ ማን ነው?

አያቴ ጎዛምን ውስጥ ገበሬ ናቸው። አንድ ዳማ ፈረስ ነበራቸው። በገበያ ቀን ደብረ ማርቆስ ድረስ እህል ይጭናል። ሰው ሲታመም ያደርሳል። ጥምቀት ሲደርስ ደግሞ ታጥቦ፣ ግላስ ለብሶና ቃጭል አስሮ ታቦት ያጅባል፤ ጉግስም ይጋልባል። ልብ በሉ፣ የበዓል ፈረስ ተብሎ ለብቻው የተቀመጠ ፈረስ የለም። ያው የገበያው ዳማ ነው። ጎብኚ የሚያየው ጌጡን ነው፤ ባለቤቱ ግን በማግስቱ ወደ ሥራ የሚመለስ የቤቱን ምሰሶ ነው የሚያየው። ያ ፈረስ ቢሰበር ወይም ሰው ቢመታ የሚጎድለው የበዓል ድምቀት ብቻ አይደለም።

በአካባቢያችን የፈረስ በዓል ሲነሳ እንጅባራን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። ከደብረ ማርቆስ ተነስታችሁ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አድርጋችሁ የምትደርሱባት የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ከተማ ናት። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ሲሆን በዓሉን በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ያከብራል። ከቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ጋር ይገጥማል፤ በአድዋ ጦርነት የዘመቱ ፈረሶችና ፈረሰኞችም ውለታ ይታሰብበታል። አባላቱ በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። አዊ ውስጥ ፈረስ ያርሳል፣ ይጭናል፣ ሙሽራ ያጅባል፣ ለቅሶ ላይም ይቆማል። እንግዲህ ፈረስ ተሰብስቦ የሚመሰገንበት በዓል ነው ማለት ነው።

እኔ በ2015 ዓ.ም. ሄጄ አይቻለሁ። ምን አለፋችሁ፣ ሜዳው በፈረስ ተሸፍኗል! አንድ ከሩቅ የመጣ ወጣት ስልኩን ከፍ አድርጎ ከአንድ አምባላይ ፈረስ ኋላ ተጠጋ። ከፈረሱ ጋር ራሱን ለማንሳት ነው። ፈረሱ ጆሮውን ወደ ኋላ ለጠፈ። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው፤ ልጓሙን ሳብ አድርገው ፈረሱን አዞሩትና ዝም አሉ። እንዲያውም ፈገግ አሉ። ልጁ ፎቶውን አነሳና «አመሰግናለሁ አባባ» ብሎ ሄደ። ከምን እንደተረፈ እንኳ አላወቀም።

ጠጋ ብዬ «አባቴ፣ ለምን አልተቆጡትም?» አልኳቸው።

«እንግዳ እንዴት ይቆጧል ልጄ?» አሉኝ።

ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። የኛ ሰው ይሉኝታ አለበት። አገሬን ሊያይ የመጣን ሰው አትንካ፣ ዞር በል ማለት ይከብደዋል። ፈረሱን እየያዘ፣ ልቡ እየመታ፣ ፈገግ ይላል። እንግዳው ደግሞ ፈገግታውን እንደ ፈቃድ ይቆጥረዋል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት እንግዳው ነው፤ ባለቤቱ እስኪከለክል መጠበቅ የለበትም።

ፈረስ የባለቤቱ ንብረት ብቻ አለመሆኑም መታወቅ አለበት። አጼ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አጼ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ የተባሉት በፈረስ ስማቸው ነው። ሰው በፈረሱ በሚጠራበት አገር የሰው ፈረስ ላይ ሳይጠይቁ እጅ ማሳረፍ የሰውየውን ስም እንደ መንካት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ነገሩ ከባድ አይደለም። የፈረስ ዓይን በጎንና በጎን ስለሆነ ዙሪያውን ያያል ማለት ይቻላል፤ በቀጥታ ከኋላውና ከአፍንጫው ሥር ያለውን ግን አያይም። ስለዚህ ከኋላ አትምጡበት። በትከሻው በኩል፣ ድምፅ እያሰማችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ቅረቡ። መጀመሪያ ሰላምታ ለባለቤቱ ይሁን፤ «ፎቶ ባነሳው ይፈቅዳሉ?» በሉ። የፈረሱን ስም ብትጠይቁማ ወዳጅ ሆናችሁ! ጆሮው ወደ ኋላ ከተለጠፈ ራቁ። ልጓም አትያዙ፣ የያዛችሁትን ምግብ አታጉርሱት፣ ዣንጥላ አጠገቡ በድንገት አትዘርጉ። ሕፃን ልጅ እጁ ይያዝ። ጉግስ ሲጋለብ ሜዳው ውስጥ አትግቡ፤ ጋላቢው ዓይኑ ከተወረወረው ዘንግ ላይ ነው፣ እናንተን አያይም።

«የለመደ ፈረስ ምን ይሆናል?» የሚል አይጠፋም። ለንደን ውስጥ የንጉሡ ክብር ዘብ ፈረሶች በሚቆሙበት በር ላይ ፈረስ ሊራገጥ ወይም ሊነክስ ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ ተሰቅሏል። እነዚያ ፈረሶች ሙዚቃና ግርግር ለምደው የሰለጠኑ ናቸው። እንዲያም ሆኖ ሚያዝያ 16 ቀን 2016 ዓ.ም. ከአንድ የግንባታ ቦታ ፍርስራሽ ሲወድቅ ደንብረው ወታደሮችን ጥለው በከተማው መሃል ሮጡ። ሰው ተጎዳ፤ ሁለቱ ፈረሶችም ክፉኛ ቆሰሉ። የቤተ መንግሥት ፈረስ እንዲህ ከሆነ፣ በዓመት አንድ ቀን ድምፅ ማጉያ የሚሰማ የገበሬ ፈረስማ እንዴት አይደንግጥ?

ይህን ጽሑፍ ለዲፓርትመንታችን መጽሔት ማቅረቤ ያለ ምክንያት አይደለም። ነገ ካሜራ ይዘን ከሁሉም ቀድመን ሜዳ የምንገባው እኛ ነን። ብልጭታውን የምናበራው፣ ድሮን ፈረስ አናት ላይ የምናስጮኸው፣ ለጥሩ ፎቶ ስንል ጋላቢ መንገድ ላይ የምንንበረከከው እኛው እንዳንሆን። ጎብኚው ደግሞ እኛን አይቶ ነው የሚከተለን፤ ጋዜጠኛው ከገባ እሱም ይገባል።

በክልላችን ባለው ግጭት ምክንያት ካለፉት ዓመታት ወዲህ እንግዳው ቀንሷል። ሰላም ሲወርድ ይመለሳል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እስከዚያው ስለ ጥምቀትም ሆነ ስለ ጥር 23 ዜና በሠራን ቁጥር ከድምቀቱ ጎን ሁለት መስመር እንጨምር፤ ከኋላ አትቅረቡ፣ ባለቤቱን ጠይቁ። ሽማግሌው በይሉኝታ የማይናገሩትን እኛ ብንናገርላቸው እንግዳውም በደህና ወደ ቤቱ ይገባል፤ ፈረሱም በማግስቱ ወደ ሥራው።